ደወሉ የማይደርስበት ማዕዘን

የበር ደወል በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ሳላስበው ብድግ እላለሁ፤ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ እናቴ ዘይነብ ትሠራበት በነበረው ቤት፣ ስሰማው ያደግሁት ድምፅ ነውና።

እናቴ ከወሎ እንደመጣች የተቀጠረችው የእመቤቲቱን እናት ለማስታመም ነበር። ሃቦባ ነበር የምንላቸው፤ አያታችን እንደማለት ነው። እግራቸው አልታዘዝ ስላላቸው ከአልጋቸው ሆነው የሚጫኑት መጥሪያ ነበራቸው፣ እንደ በር ደወል የሚጮኸው ደግሞ እናቴ ኪስ ውስጥ ነበር። በበጋው ሐሩር ትምህርት ሲዘጋ አብሬያት እየዋልኩ፣ ጣሪያ ላይ ወጥታ ልብስ ስታሰጣም፣ ጓሮ ወርዳ ስታጥብም ኪሷ ሲጮህ እሰማ ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚጠሯት ቻናል እንድትቀይርላቸው ነው። ዓይናቸው ስለደከመ የሳሎኑን ቴሌቪዥን ከመኝታቸው ሆነው ያዳምጡት ነበር፣ ሪሞቱ ግን ከዚያ አይሠራላቸውም። ሪሞቱ የሚልከው ዓይን የማያየው ብርሃን በመሆኑ ግድግዳ ይጋርደዋል፤ መጥሪያው ግን በሬዲዮ ሞገድ ስለሚሠራ ግድግዳውን አልፎ እናቴን ያገኛታል። ይህን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ የማውቀው እናቴ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተቀምጣ እንደማትጨርስ ብቻ ነበር።

ዝናቡ መጥቶ መንገዱ ሁሉ ኩሬ ሲሆን፣ በምንኖርበት ሰፈር በአርካዊት ጎረቤት ጋ ትተነው የምንወጣው ታናሽ ወንድሜ ሰዒድ ወባ ያዘው። ጎረቤታችን ደውላ «እየቃዠ ነው፣ ድረሺ» አለቻት። እመቤቲቱ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሄዳ ነበር፣ ስልኳን አታነሳም። እናቴ ስትቀመጥ ስትነሳ ቆይታ፣ በመጨረሻ «ያላ፣ እንሂድ» ብላ እጄን ይዛ ወጣች።

ከበሩ ሳንርቅ ኪሷ ጮኸ። ጭቃውን እየዘለልን ስንሄድም ይጮህ ነበር፣ ማዕዘኑን ታጥፈን ዋናው መንገድ ስንደርስ ግን ቆረጥ ቆረጥ ብሎ ዝም አለ። እፎይ የምትል መስሎኝ ነበር፤ እሷ ደንግጣ ቆመች።

«እማ፣ እንሂድ እንጂ!»

«ዝም ያለው እኛ ርቀን ነው ወይስ እሳቸው ወድቀው?» አለች።

ሚኒባስ ቆሞ ጠበቀን፤ ትቶን ሄደ። አንዴ ወደ አርካዊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ስትል ቆይታ እያለቀሰች ተመለሰች።

ሃቦባ አልወደቁም፤ ቻናል ነበር የፈለጉት። ሲቃዋን ሰምተው ምን እንደሆነች ጠየቋት፣ ነገረቻቸው፣ ተቆጡ።

«ልጅ ታሞብሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ አምጪው፣ እኔ አጠገብ ይተኛ! ይቺ ታጫውተኛለች።»

እናቴ እየሮጠች ወጣች። እኔ አንዴ መስኮቱ ጋ፣ አንዴ አልጋው ጋ እየተመላለስኩ ስቁነጠነጥ፣ ሃቦባ እጄን ይዘው «ይድናል፣ ኢንሻላህ» ይሉኝ ነበር። ሐኪም ቤት አሳይታው ሲመጡ አመሻሽ ላይ ነበር። እመቤቲቱ ተመልሳ ሰዒድን እናቷ ክፍል ተኝቶ ስታገኘው አፏን ልትከፍት ስትል፣ «እንግዳዬ ነው» አሏት ሃቦባ፣ አለቀ።

ብርዱ ሲገባ ሰዒድ ድኖ ግቢውን ሲያምስ ይውል ነበር።

ዛሬ ካርቱም የለሁም። ልጄ ሲያተኩሰው ማንንም ሳላስፈቅድ አቅፌው እወጣለሁ፣ የሚመልሰኝም የለም። ግን ለሰው እናት ተጨንቄ እንደ እሷ መንገድ መሃል ቆሜ አላውቅም፤ ከዚያ ጭንቀት በመዳኔ ላመስግን ወይስ ልፈር፣ እስካሁን ቁርጡን አላወቅሁም።