ዲግሪ ለማውጣት ሥራ፣ ሥራ ለማግኘት ዲግሪ

"የቅጥር ደብዳቤ አምጪና የወጪ መጋራት ዕዳሽ ከደመወዝሽ ይቆረጣል፤ ዲግሪሽንም ትወስጃለሽ" አላት የሬጅስትራር ሠራተኛው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

የእህቴ ልጅ ሜሮን ናት። ዛሬ ጠዋት ወደተመረቀችበት ዩኒቨርሲቲ አብሬያት ሄጄ ነበር።

"የሚቀጥሩኝ እኮ ዲግሪውን ሳሳይ ነው" አለችው። ካራ ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት በአስተማሪነት ሊቀጥራት፣ ዋናውን ዲግሪ እንድታመጣ እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ሰጥቷታል።

"እንግዲያው በአንዴ ክፈይ። ባል የለሽም እንዴ?"

ባልማ አላት። ደመወዙ የቤት ኪራይና የሕፃን ወተት ሆኖ ያልቃል።

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በር ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጠይቂ፤ ደብዳቤውን ከነማኅተሙ ይሠሩልሻል።"

ምክሩ በነፃ ነው፤ እሱን እንኳ አላስከፈለንም።

"ልጆች ላስተምር እኮ ነው የምሄደው" ብላው ወጣች።

ዲግሪያችሁን በቀጥተኛው መንገድ ያወጣችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንደሆነ ጻፉልን። እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ አላት።