«ይድገሙልኝ» ያላለ አፍ

በኪትዌ የመዳብ ማዕድን ሠፈር ሰው ሲሞት አስቀድሞ ሬሳ ሳጥን ሠሪው ይጠራል፤ ቀጥሎ ካፓምብዌ። መቃብር አፋፍ ቆሞ የእንግሊዝኛውን ንግግር የአገሩን ቋንቋ፣ ቤምባን፣ የሚያለብሰው እሱ ነው። ድምፁ እንደ ዋሽንት አንጀት ይበላል። አንዲት ቃል ግን ከአፉ ወጥታ አታውቅም፦ «ይድገሙልኝ»። ያስደገመ አስተርጓሚ እንግሊዝኛ አይችልም ይባላላ።

ጉድጓድ ውስጥ ቧንቧ ይበይድ የነበረው አዛውንቱ ቺሼንጋ በተቀበረ ዕለት፣ ከባሕር ማዶ የመጣው አለቃው ለስለስ አድርጎ ተናገረ። ነፋሱ ግማሹን ይዞት ሄደ። ካፓምብዌ «ይድገሙልኝ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ሕዝቡ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። አፈረ። «ቺሼንጋ አንበሳ ነበር፤ ተራራ ነበር» ሲል ከራሱ አንቆረቆረው። ሴቶቹ ተቀበሉት፦

«ከመዳቡ ጉድጓድ ስትወጣ ኖረህ ማታ ማታ፣
ከዚህኛውስ ጉድጓድ ማን ያውጣህ የኔ ጌታ።»

ለቅሶ ቤት የበቆሎ ገንፎው፣ ንሺማው፣ ከቀረበ በኋላ የሟች ሚስት አስጠራችው። የካሶንዴ እናት ይሏታል፤ ልጇን ካሶንዴን የቀበረች ጊዜም የመምህሩን ንግግር የተረጎመላት እሱ ነበር።

«ልጄ፣ አለቃው ስለ ሰውዬዬ ያለውን እስቲ ድገምልኝ። ለቅሶው አላሰማኝም።»

«አንበሳ ነበር አሉ፣ እማማ።»

«አንበሳ? ዶሮ ማረድ የሚፈራው ሰው? ሌላ ሰው መስሏቸው ይሆን እንዴ?»

ጎሳው ከቤምባ ጋር በባህል ስለሚቀላለድ በለቅሶ ቤት መቀለድ መብቱ የሆነው ንጎኒው ጄሬ ከጥግ ጣል አደረገ፦ «ቤምባ ምን ይደረግ፣ እንግሊዝኛውንም እንደሚበላው የዝንጀሮ ሥጋ ሳያኝክ ነው የሚውጠው።»

ሁሉም ሳቀ። ካፓምብዌ ወጣ። አለቃው መኪና ውስጥ ገብቶ ሞተር አስነስቷል። ካፓምብዌ ባርኔጣውን አውልቆ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ቅድም ያሉትን አልሰማሁም። እባክዎ፣ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ።»

ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። አለቃው ግን ምንም አልመሰለውም፤ ሞተሩን አጥፍቶ ደገመለት። ይኸው ነበር፣ ይህን ያህል ቀላል።

ተመልሶ ከሴትዮዋ ምንጣፍ ዳር ተንበረከከ።

«‹ጉድጓድ ስወርድ የሚቀበለኝ የቺሼንጋ ፉጨት ነበር። ከእንግዲህ እዚያ ታች ጨለማ ብቻ ነው› ነው ያሉት፣ እማማ።»

በመጎናጸፊያዋ አፏን ሸፈነች። «እሱ ነው። የኔ ሰው እሱ ነው።» ከዚያም፣ «አንበሳውስ የማን ነበር?»

«የኔ።»

መጎናጸፊያዋን ከአፏ አወረደች። «ካሶንዴን ስንቀብር መምህሩ አለ ያልከኝስ? እሱን ቃል እስከ ዛሬ ሳልዘምረው ተኝቼ አላውቅም። እሱስ የማን ነበር?»

ካፓምብዌ ባርኔጣውን እያሸ ሊያስታውስ ሞከረ፤ ያን ጊዜም አላስደገመም ነበር፣ ቃሉ የመምህሩ ይሁን የራሱ ጠፋበት።