መርዶ ከጀልባ ላይ አይነገርም

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ገዳሪፍን ሳያባራ ሲደበድባት ሰንብቶ ሳለ፣ የእድራችን ሴቶች በሬን አንኳኩ። ምስር እየለቀምኩ ነበር። የእድር ሴቶች በዚያ ዝናብ ተሰብስበው ሲመጡ ደግ ነገር ይዘው አይመጡም፤ ስለዚህ ሰፌዱን ከጭኔ ሳላወርድ ከእግር እስከ ራሳቸው አየኋቸው። ከፊት የቆመችው የሴቶቹ ሰብሳቢ ዘነቡ ናት። የዋልካው ጭቃ ጫማዋ ላይ ተደርቦ ሌላ ጫማ የተጫማች አስመስሏታል።

«እቴ ትርንጎ፣ ነገ ማለዳ መርዶ አለብን» አለችኝ።

«የማን?»

«የእልፍነሽ ልጅ። ከሊቢያ የተነሳችው ጀልባ ሰጥማለች። አብሮት የነበረ ልጅ ተርፎ ወሬውን ላከ።»

«ታዲያ እኔ ምን ቤት ነኝ?»

«ዘመዶቿ ያሉት ዶካ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና አይወጣም። እዚህ የአገሯ ልጅ እርስዎ ብቻ ነዎት። በልጅነታችሁም አብራችሁ ሠርታችኋል ይባላል። ያለ እርስዎ ብንሄድ ነውር ነው።»

ይባላል አለች። ማን ነው ያለው? እልፍነሽ ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ እዚህ ከመጣች ጀምሮ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስንገጣጠም እሷ ወደ ግራ እኔ ወደ ቀኝ ነው። ስሜን ለማን እንዳነሳች፣ ምን ብላ እንዳነሳች አላውቅም። በደግ እንዳላነሳችው ግን እጠረጥራለሁ።

«እስቲ ላስብበት» ብዬ በሩን ዘጋሁ። ሰፌዱን ከነምስሩ ወደ ጥግ ገፋሁት። ባሕሩ ያው ባሕር ነው። እኔና እልፍነሽ በአንድ ወቅት በዚያው ባሕር ላይ በአንድ ጀልባ ተቀምጠን ነበር፤ ያውም ለሽርሽር በኪራይ በተያዘ ነጭ ጀልባ። ታሪኩን ቁራጭ ቁራጩን የሰሙ ሰዎች እንዳሻቸው ጨምረው ሲያወሩት ሰምቻለሁ። ዛሬ ሙሉውን እኔው ልናገረው።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከመተማ ተሻግሬ፣ ገዳሪፍ ውስጥ በአንድ ሱዳናዊ የሰሊጥ ነጋዴ ቤት ልጆች እጠብቅ ነበር። እልፍነሽ ወጥ ሠሪ ነበረች፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ቤቱ ያስገባችኝም፣ ዋስ የሆነችኝም እሷ ናት። ይህን አልክድም። ዋስነቷን ግን እንደ ጨው በየወጡ ትነሰንሰው ነበር። ብርጭቆ ስሰብር «ዋስሽ እኔ ነኝ እኮ!» ከበር ትንሽ ስቆም «ዋስሽ እኔ ነኝ እኮ!»

ሰሊጡን የሚገዛው ጣሊያን በዚያ ክረምት ነጋዴውን ከነቤተሰቡ ጋበዘው። ከናፖሊ ወደ ደቡብ፣ ባሕር ዳር ላይ ቤት ነበረው። ገዳሪፍ በአረም ወቅት ላይ ነበረች፤ ሰው ሁሉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲያርም፣ እኛ በአውሮፕላን ሄድን። የቤቱ እመቤት ሲት ናዲያ፣ ሁለቱ ትልልቅ ልጆች፣ ሕፃኑ፣ እልፍነሽና እኔ። ነጋዴው አድርሶን ተመለሰ። ፓስፖርታችንን ሲት ናዲያ በቦርሳዋ ይዛ፣ ቦርሳዋን በክንዷ ይዛ ነው የምትውለው።

ሰው ሁሉ ጣሊያን አገር ሄድሽ ብሎ ቀናብኝ። እኔን የወሰደኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። በሰኔ እናታችን መተማ ላይ ሞታ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ውበቱ ከዓመታት በፊት በካርቱም አድርጎ ጣሊያን ገብቶ፣ በአንዲት ትንሽ ወደብ የዓሣ ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራል። የእናታችንን ሞት አልሰማም። ማን ይንገረው? በስልክ መርዶ አይነገርም። ባሱንዳ ያለችው አክስቴ እቴ ባዩሽ፣ ጣሊያን መሄዴን ስትሰማ እጄን ይዛ አደራ አለችኝ።

«ሰው ብቻውን አይረዳም፣ ልጄ። ያገሩን ሰዎች ፈልጊና ሰብስቢ። በመጀመሪያ እህል ይቅመስ። ተቀምጦ ይስማ። ጥቁር ለብሰሽ እንዳትታዪው፤ ካንቺ አፍ በፊት ልብስሽ ይነግረዋል።»

ስለዚህ ጥቁር ነጠላዬን አጥፌ ከቦርሳዬ ሥር ደበቅኩ፤ ከተረዳ በኋላ አብሬው ልለብስ። ለለቅሶ የተላጨው ፀጉሬ ገና እንደ ታጨደ ማሳ አጭር ነበርና ቀይ ሻሽ አጥብቄ አሰርኩበት። በዕድሜዬ ቀይ ሻሽ አስሬ አላውቅም ነበር፤ የገዳሪፍ ገበያ ሻሽ ነው፣ የሚንሸራተት ዓይነት።

ጣሊያኑ ለቤተሰቡ አንድ ጀልባ ከነነጂው ለአንድ ቀን ተከራየላቸው። ባሕሩን ዳር ዳሩን ይዞ ሄዶ ምሳ የሚያበላን የት እንደሆነ ሳስጠይቅ፣ ወንድሜ ያለባት ወደብ ሆነች። ለምግብ ቤቱ ደወልኩ። ውበቱ በደስታ ጮኸ፤ አብረውት የሚሠሩ ሁለት ያገራችን ልጆች አሉ፣ ገበታ ዘርግተው ይጠብቁናል አለ። ልቤ ትንሽ አረፈ። ማለዳው ቢቀር ሰውና እህል አለ። ሲት ናዲያንም አስፈቀድኳት፤ «ከወንድምሽ ጋር ምሳ ብዪ» አለችኝ። ቶሎ መፍቀዷ ያኔም ደስ አላለኝም።

በጠዋት ተነሳን። ቤቶቹ ገደሉ ላይ እንደ ንብ ቀፎ ተንጠልጥለዋል። ከመሃላቸው የሎሚ ማሳ ይታያል፤ ሎሚው የልጅ ራስ ያክላል፣ ሽታው ባሕሩ ድረስ ይወርዳል። የሲት ናዲያን ቶብ፣ ያንን ሱዳናውያን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ልብስ፣ ነፋስ እየነጠቃት አንዴ በጥርሷ አንዴ በክንዷ ትይዘዋለች። ልጆቹ ሐብሐብ እየበሉ ፍሬውን ወደ ውሃው ይተፋሉ። ጀልባ ነጂው ሽበታም ሽማግሌ ነበር። ዳቦ ላይ ቲማቲምና ዘይት አድርጎ አቀረበልኝ። የፍልሰታ ጾም ነበርና ቅቤ እንዳይኖርበት አሸተትኩት። ሳቀ። ከየት ነሽ አለኝ በእጁ፤ «ጎንደር» ስለው ዓይኑ በራ፤ አባቱ በወጣትነቱ ጎንደር ነበር አሉ። ምን ሲሠራ እንደነበር አልጠየቅኩም። ዳቦውን በላሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ጀርባዬን አልሰጠሁትም።

ጀርባዬን መስጠት ያልነበረብኝ ለሌላ ሰው ኖሯል። ሕፃኑን አስተኝቼ ቀና ስል፣ እልፍነሽ ሲት ናዲያ ጆሮ ሥር ጎንበስ ብላለች። ሲት ናዲያም ወዲያው ተነስታ ቦርሳዬን ከፈተች። ቅያሪ ቀሚሴን አወጣች፤ ቀጥላ ጥቁሩን ነጠላ።

«ያ ቢት፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። አንቺ ልጅ ማለቷ ነው።

ከእኔ ቀድማ እልፍነሽ መለሰች። «እኛ አገር ሴት ሩቅ መንገድ ስትወጣ የምትለብሰው ነው፣ ሲት።»

 በተሰባበረ ዓረብኛዬ «እናቴ ሞታለች፣ የለቅሶ ነው፣ ወንድሜ አያውቅም» አልኩ።

ሲት ናዲያ ሻሼን አየችው። «እናትሽ ሞታ ቀይ ታስሪያለሽ?»

ምን ልበላት? በሰኔ ባሱንዳ ለቅሶ ስቀመጥ ለእሷ ታምሜያለሁ ብዬ ነበር ፈቃድ የወሰድኩት፤ የሠራተኛን ሐዘን የሚወድ ቤት የለም። ወደ እልፍነሽ ዞርኩ። «እቴ እልፍነሽ፣ ንገሪያት እንጂ! ለቅሶ ደርሰሽኝ የለም ወይ? ራሴን ስላጭ ቆመሽ አላየሽም?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች በዓረብኛ፣ ዓይኗን ወደ ሎሚው አድርጋ። ከዚያ በአማርኛ፣ ዝቅ ብላ፦ «ብትጠፊ በማን ይመጣል? ዋስሽ እኔ ነኝ።»

ሲት ናዲያ ጥቁር ነጠላ ምን እንደሆነ ባታውቅ አልፈርድባትም። እልፍነሽ ግን ታውቅ ነበር።

ወደቧ ደረስን። ጀልባው እዳር መጠጋት ስላልቻለ ትንሽ ራቅ ብሎ መልሕቅ ጣለ፤ ሰዉን በመቅዘፊያ ጀልባ ነው የሚያወርዱት። ሲት ናዲያ ብልህ ናት፤ አላሰረችኝም፣ አልሰደበችኝም። «ሕፃኑ ተኝቷል፤ አንቺ እሱን ጠብቂ» አለችኝ ብቻ። ልጅ ጥዬ እንደማልሄድ ታውቃለች። ለሽማግሌውም ማንም ወደ ጀልባው እንዳይወጣ በእጇ አሳየችው። ከዚያ ልጆቿንና እልፍነሽን ይዛ ሄደች።

ውበቱ ጀልባ ከሚቆምበት የድንጋይ መድረክ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ለእኔ ብሎ ነው የለበሰው።

«ትርንጎ! አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አያ!»

«ታዲያ ውረጂ እንጂ! ምሳው ቀዘቀዘ!»

«ልጅ ይዣለሁ፣ አያ! አልችልም!»

ሽማግሌው እኔንም እሱንም አየ። የመልሕቁን ገመድ ለቀቅ ለቀቅ አደረገውና ጀልባው ወደ ድንጋዩ ተንሸራተተ። ሳንጮህ የምንነጋገርበት፣ ግን እጅ ለእጅ የማንደራረስበት ቦታ ላይ ሲደርስ ገመዱን አሰረ፣ ፊቱንም አዞረ። ምን ፈልጎ ነው ብዬ ነበር ያኔ። ምንም አልፈለገም መሰለኝ።

«እማዬስ?» አለኝ ውበቱ።

«ደህና ናት» አልኩ። ወጉ ነው። ያለ ሰው፣ በባዶ ሆድ፣ ቆሞ፣ ከውሃ ማዶ ሌላ ምን እላለሁ?

«ምን ብላ ላከችኝ?»

«ብላ፣ ልበስ፣ አትጥፋ ትልሃለች።»

ሳቀ። «እሷው ናት! ጉልበቷንስ ተሻላት? እኔማ ለመስቀል ብር ልኬ ወደ ገዳሪፍ ወስደው እንዲያሳክሟት...»

እንዲህ እያለ ሳለ ነው ነፋሱ የመጣው። ጠዋት ሙሉ የሲት ናዲያን ቶብ ሲነጥቅ የዋለው ነፋስ። በሁለት እጄ ሕፃኑን አቅፌ ነበር፤ ነቅቶ አልቅሶ። ሻሹ ተንሸራተተ። ልይዘው እጅ አልነበረኝም። ውሃው ላይ ወደቀና ቀይ ሆኖ ተንሳፈፈ፤ እኔም በተላጨ ራሴ ወንድሜ ፊት ቆምኩ።

ውበቱ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ራሴን አየው። እኔም ዓይኔን መስበር አልቻልኩም።  ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፤ ደረቱን መምታት ጀመረ። «እናቴን! እናቴን!» ዙሪያውን ሰው ሞልቷል፤ በረዶ የሚልሱ ልጆች፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች። ሰካራም መስሏቸው ራቁለት። አንድ የሚይዘው እጅ የለም። ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

ያን ጊዜ ነው እልፍነሽ የመጣችው። ሲት ናዲያ ለሕፃኑ ወተት ስጪ ብላ ልካት፣ ጡጦውን ይዛ መድረኩን ይዛ መጣች። «እናቴን» የሚል ሰው ነው፣ በአማርኛ። ጆሮ ያለው ይሰማዋል። በእኛ ወግ፣ ጠላትህም ቢሆን ሲረዳ ብታገኘው ትቀመጣለህ፤ ትይዘዋለህ፤ ከዚያ በኋላ መጣላትህን ትቀጥላለህ። ቀና ብዬ ጠበቅኳት። አሁን ትቀመጣለች አልኩ። የቀሚሷ ጫፍ ትከሻውን ነካው። አለፈችው።

በመቅዘፊያዋ ጀልባ ተሻግራ ስትደርስ ጡጦውን ሰጠችኝ። «ወንድሜን አላየሽውም?» አልኳት።

«የቱን?» አለችኝ። «አላየሁትም።»

ሲት ናዲያና ልጆቹ ተሳፍረው ጀልባው ሲመለስ፣ ሁለት ወንዶች እየሮጡ ከምግብ ቤቱ ሲወጡ ከሩቅ አየሁ፤ ጓደኞቹ መሆን አለባቸው። አንዱ ሽርጡን አልፈታም። ውበቱን አነሱት። ከዚያ ገደሉ ከለለኝ። ወንድሜን ዳግመኛ በአካል አላየሁትም። ለዓመታት በስልክ ስናወራ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አላነሳም፤ ከመዝጋቱ በፊት ብቻ «ራስሽን ሸፍነሻል?» ይለኝ ነበር። እሱ እዚያው ሲሞት ለእኔ በወጉ ተነገረኝ፤ በማለዳ፣ ተቀምጬ፣ ሰው ከብቦኝ። ለሱ ያልሆነለት ነው ለእኔ የሆነልኝ።

እንግዲህ ዘነቡ ነይ የምትለኝ ወደዚህች ሴት ቤት ነበር።

ሄድኩ። ሲነጋጋ ጭቃውን እየረገጥን፣ ዳቦና ሻይ ተሸክመን ሄድን። ዘነቡ የምትናገረውን መንገድ ላይ እያጠናች ነበር፤ በመጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ስለ ጤና፣ እህል ካቀመስናት በኋላ ቀስ ብሎ ነገሩ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። አንኳኳች። እልፍነሽ የፊት መታጠቢያ ማሰሮ እንደያዘች ከፈተች። አርጅታለች። ዘነቡን አየች፣ ፈገግ አለች፤ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየች፤ እድር ስለሆኑ ለመዋጮም ይመጣሉ። ከዚያ እኔን አየች።

ማሰሮው ከእጇ ወደቀ።

«አንቺ ከመጣሽማ» አለች ዝግ ብላ፣ «ልጄ ሞቷል።»

የዘነቡ ዝናብና ጤና አፏ ውስጥ ቀረ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷም እጅ አልሰነዘረችም። እልፍነሽ የበሩን መቃን ይዛ ወደ ጭቃው ስትንሸራተት አየሁ። ከኋላ መጥቼ በብብቷ ሥር ያዝኳት፤ ከባድ ነበረች። «አልጋው ላይ! ቆማ እንዳትሰማ!» ብዬ ጮህኩ። አስቀመጥናት። እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ ልጇን በስሙ እየጠራች ደረቷን ስትመታ እጇን ያዝኩት።

ለቅሶው እስኪያበቃ በየቀኑ ሄድኩ። ሰው ታረቁ ይላል። አልታረቅንም። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም፤ ብትጠይቀኝም ምን አስባ ነው እላለሁ። ቦታዬ ሁልጊዜ ከፊት ለፊቷ ነበር፤ ዓይኗን ባነሳች ቁጥር የምታገኘኝ እዚያ። አንድ ቀን ብዙ አየችኝና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ምን እንዳስታወሰች አልጠየቅኳትም። ሻይዋ ቀዝቅዞ ስለነበር ቀይሬ ሰጠኋት፣ ተመልሼም ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ።