የአጎቴ ምርቃትና የእናቴ ፕላስተር

እናቴ የኩላሊት እጥበት ከጀመረች ወዲህ ደረቷ ላይ ቀጭን ቱቦ ገብቶላታል። ቱቦው የገባበት ቦታ ጀርም እንዳይዘው መድኃኒት ያለው ፕላስተር ይለጠፍበታል። ስስ ነው፤ ቆዳዋ በሥሩ ይታያል። በክረምት፣ የጎንደር ጉም የሆስፒታሉን መስኮት ሲሸፍነው፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያንን ፕላስተር እያየሁ በሐሳብ እነጉዳለሁ። ማሽኑ እንደ ሩቅ ወንዝ ያጉተመትማል። እሷ ታንቀላፋለች፤ አንዳንዴ ዓይኗን ሳትገልጥ አገሯ ትክል ድንጋይ ያሉትን ላሞቿን በየስማቸው ትጠራለች።

አንዴ የፕላስተሩ ጠርዝ ተላቆ ጀርም ደሟ ውስጥ ገባ። ስትንቀጠቀጥ አልጋው አብሯት ተንቀጠቀጠ። ከሞት ተርፋ ስትወጣ ሐኪሙ፣ «ይሄ ቱቦ ከተበላሸ ሌላ የምናስገባበት ደም ሥር የላትም» አለኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ ዝንብ ብታርፍባት እንኳ ከዝንቧ ጋር እጣላለሁ።

ታላቅ ወንድሟ ሊጠይቋት ከትክል ድንጋይ የመጡ ዕለት ነርሷ አሮጌውን ፕላስተር አንስታ ቦታውን ልታጸዳ ነበር። አጎቴ ማንንም ሳይጠይቁ ዘው አሉ። በእሳቸው አገር ሽማግሌ ሲመርቅ እትፍታው አይቀርም። ጎንበስ ብለው፣ «እግዜር ይማርሽ እቴ፣ እትፍ! እትፍ!» አሏት፣ በተከፈተው ቦታ ላይ።

«ምነው አያ! በአፍዎ ሊገድሏት ነው?» ብዬ ጮህኩ።

ነርሷ ደጋግማ አጸዳችና አዲስ ፕላስተር ለጠፈች። አጎቴ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ጥግ ይዘው ቆሙ።

ሳምንቱን ሙሉ ግንባሯን ስዳብስ ሰነበትኩ። ትኩሳት አልመጣም። በደስታ አቅፌ ልስማት ብል፣ «በይ ቱቦዬን!» ብላ ሳቀችብኝ። አጎቴ ግን እኛ ቤት ሲሰነብቱ ጋቢውን ከአፋቸው አላወረዱም።

ሊሄዱ ሲሉ እናቴ፣ «አያ፣ ሳትመርቀኝ ልትሄድ ነው?» አለቻቸው።

«አፌ ይገድልሻል» አሉ ቀስ ብለው።

«አያ፣ ፕላስተሩ አሁን እኮ ሸጋ ሁኖ ተለጥፏል፤ ይመርቋት» ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ።

እናቴ እጃቸውን ይዛ ራሷ ላይ አኖረችው። ደጅ ጉሙ ያልፋል፤ ቤቱ ጭር ብሏል። አጎቴ በጋቢው ሥር ያሉት ነገር ካለ እኔ አልሰማሁም፤ እሷም የሰማች አይመስለኝም። ዓይኗን ጨፍና፣ «አሜን» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አሜን።»