አርባ ላይ ያልቆመው ዝርዝር

አድነው ቀጨኔ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ከእትዬ ማሚቴ ጋር ግድግዳ ይጋራሉ። በ1981 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ክፍል አብረን ነበርን። እሱ ፕሮግራም ይጽፋል፤ እኔ ከማተሚያው ወረቀት እየገነጠልኩ አስረክባለሁ። ጠንቃቃ ነው፤ ማሽኑ አጠገብ ሻይ እንኳ አያስጠጣኝም ነበር። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

አንድ ሰኞ ትእዛዝ መጣ፦ ከቀጨኔ ወጣቶች መዝገብ ለብሔራዊ ውትድርና አርባ ስም ይውጣ። አድነው ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራሙን ጻፈው። ፕሮግራሙ መዝገቡን ስም በስም እየዞረ ያያል፤ ተማሪውን ይዘላል፣ በሽተኛውን ይዘላል፣ ብቁውን ያትማል። አርባ ሲሞላ እንዲያቆም «ብሬክ» የሚል ቃል አስገባበት።

ብሬክ ግን የሚያስወጣው ከቅርቡ በር ብቻ ነው። ከክፍልህ ወጣህ ማለት ከግቢው ወጣህ ማለት አይደለም። ቃሏ የተቀመጠችው ተማሪውን ከብቁው በሚለየው የፕሮግራሙ ክፍል ውስጥ ስለነበር፣ ማሽኑ ከዚያ ብቻ ወጥቶ ዙሩን ቀጠለ። ስድሳ ሦስት ስም ታተመ። እኔ ሳልቆጥር ገንጥዬ ሰጠሁ፤ አለቃችንም ሳይቆጥር ማኅተም መታበት።

አድነው ስህተቱን ያየው በማግስቱ ነው። አርባ አንደኛው ስም ቦጋለ፣ የእትዬ ማሚቴ ልጅ ነበር። አንድ መስመር አስተካክሎ እንደገና አሳተመ፤ አርባ ላይ ቀጥ አለ። ይዞ ወደ አለቃችን ሮጠ።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለው አለቃችን። «ማሽኑ ተሳሳተ ብዬ ለበላይ አካል ልጻፍ?»

«ማሽኑ አይደለም ጓድ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«እሱንማ ጭራሽ እንዳትደግመው።»

ቀበሌም ሄደ። ሊቀ መንበሩ «ስድሳ ሦስት ይላል፤ ስድሳ ሦስት አስረክባለሁ» አሉት። ከሳሽም እሱ፣ ተከሳሽም እሱ፤ ዳኛ ግን ጠፋ።

ሐሙስ ጠዋት ልጆቹ ቀበሌው ግቢ የጭነት መኪና ላይ ሲወጡ አብሬው ነበርኩ። ትክክለኛዋን ወረቀት ይዞ ቆሟል። ምን ሊያደርግባት እንደሆነ እሱም አያውቅም። እትዬ ማሚቴ አዩዋት።

«ምንድን ናት ልጄ? የቦጋለ ስም አለባት?»

«የለም፣ እትዬ።»

እውነቱን ነው፣ የለም። ግን ምነው ያን ጊዜ ምላሱ በተያዘ! እትዬ ማሚቴ እልል ብለው ወረቀቷን ነጠቁትና ወደ መኪናው ሮጡ።

«ልጄ የለበትም! ይኸው፣ ስሙ የለም!»

ጠባቂው ገልበጥ አድርጎ አያት። «ማኅተም የላትም፣ እናቴ» አላቸው። በትሕትና ነው ያላቸው። መኪናው ሄደ።

እትዬ ማሚቴ ወረቀቷን እስካሁን በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋታል። አድነው ከሥራ ሲገባ በር ላይ ይጠብቁትና «ማኅተም የሚመታው ሰውዬ ዛሬስ ቢሮ ገባ?» ይሉታል።

«ነገ ይገባል፣ እትዬ» ይላቸዋል።