የጅዳው ጠብታ

ደሴ ሰኞ ገበያ ከይሪያን የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ የሚያውቃትም በምላሷ ነው። በርበሬ ሻጭ ናት። ሚዛን የሚያጎድል ሰው ካየች፣ የተበደለው የሷ ደንበኛ ባይሆንም እንኳ መደቧን ጥላ ተነስታ በሰው ፊት ታዋርደዋለች። «አንቺን ምን አገባሽ?» ያላት ሰው ሁለተኛ አይላትም። ደሴ እንደ እሷ ያሉ ጥቂት ሴቶች ቢኖሯት ኖሮ ይሄ ሁሉ ሌባ ደረቱን ነፍቶ ባልተንጎራደደ ነበር።

ይህች ቁጡ ሴት የምትለዝበው በአንድ ሰው ፊት ብቻ ነው፤ በባሏ በሰይድ። ሰይድ ፒያሳ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። ባለፈው ዓመት የዓይን ግፊት እንዳለበት ተነገረው። የታዘዘለት ጠብታ ደሴም ኮምቦልቻም አንድ ሰሞን ቢገኝ ሌላ ሰሞን ይጠፋል። ሐኪሙ ደግሞ ነገሩን አልሸፋፈነባቸውም፤ ጠብታው በተቋረጠ ቁጥር ከዓይኑ የሚሄደው ብርሃን ተመልሶ አይመጣም አላቸው። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ፊርደውስ ይህን ስትሰማ መድኃኒቱን እዚያው ገዝታ በፖስታ ላከች።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ወሎ ደግሞ ጭንቁን ለብቻው ይዞ አይቀመጥም። ከይሪያ ሐሙስ ሐሙስ ሼህ ተውፊቅ ቤት ወዳጃ ትቀመጣለች። ወዳጃ ላይ ሰው ተራ በተራ ሀጃውን፣ የልቡን ጉዳይ፣ ይናገራል፣ ሼሁ ዱዓ ያደርጋሉ፣ የተሰበሰበው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። ሀጃ በደፈናው አይነገርም፤ ጉዳዩ በስሙ ተጠርቶ ነው ዱዓ የሚደረግለት። ከይሪያም ምንም አላስቀረችም። የልጇን ስም፣ ዕቃው ከጅዳ መላኩን፣ የሰይድ ጠብታ መሆኑን፣ ጠርሙሶቹ እንዳይሰበሩ ፊርደውስ በራሷ አረንጓዴ ሻሽ መጠቅለሏን ሳይቀር ዘርዝራ ተናገረች።

«አላህ ያግራው፤ በሰላም ያግባው» አሉ ሼሁ። ቤቱ አሚን አለ።

ሳምንት ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ። የደወለው ረጋ ያለ፣ ጨዋ ድምፅ ያለው የማታውቀው ወንድ ነው።

«እናቴ፣ እንደምን አሉ? ከኮምቦልቻ ጉምሩክ ነው። ከልጅዎ ከፊርደውስ የተላከ የዓይን ጠብታ ደርሷል፤ በአረንጓዴ ሻሽ ተጠቅልሎ ነው ያለው። የማድረሻውን ክፍያ ከላኩ ነገ ደሴ ቤትዎ ድረስ ይመጣል።»

ሻሹን ሲጠራ ከይሪያ በደስታ ልትበር ደረሰች። እንዲህ ያለውን ነገር ዕቃውን በእጁ ያልያዘ ሰው ከየት ያውቀዋል? በስልክ ገንዘብ መላክ ስለማትችል ወደ ጎረቤቷ ወደ ቡዜ ቤት ሮጠች። ቡዜ ማለት ፊርደውስ ስትወለድ የከይሪያን ወገብ ይዛ ያነጋች ጓደኛዋ ናት፤ ወዳጃም የሚቀመጡት ጎን ለጎን ነው። የቡዜ ልጅ ሙዓዝ ከአዲስ አበባ ተመልሶ፣ ሥራ ጠፋ እያለ ስልኩን ሲነካካ የሚውል ጎረምሳ ነው። ብሩን እሱ ላከላት። «አላህ ይጨምርልህ ልጄ» ብላ መረቀችው። ደዋዩ መልሶ ደውሎ ቅጣት አለበት አለ፤ እሱንም ሙዓዝ ላከላት። ከዚያ ወዲያ የደዋዩ ስልክ አልነሳ አለ።

በነጋታው ኮምቦልቻ ጉምሩክ ወረደች። በር ላይ ያለው ሠራተኛ አዘነላት። «እናቴ፣ እኛ እንዲህ እየደወልን ገንዘብ አንጠይቅም። አታለውዎት ነው።» ከቢስቲማ የመጣ አንድ ገበሬም ልክ እንደ እሷ ተታሎ አጥሩን ተደግፎ ቁጭ ብሏል፤ ቃል አይተነፍስም። ያ ዝምታው ከሌባው እኩል አናደዳት። «ጩህ እንጂ አንተ ሰው! ምን አፍህን ያዘህ?» ብላ የሱንም ድርሻ ጮኸችለት።

ጥቂት ሰንብቶ ስልኳ እንደገና ጮኸ። «ወይዘሮ ከይሪያ ነዎት? ከፖስታ ቤት ነው። ከሳዑዲ የመጣ ዕቃ አለዎት» አለች አንዲት ልጅ። ከይሪያ አላስጨረሰቻትም። «ዕቃሽን አፈር ይብላው! አንቺም ሌባ፣ የላከሽም ሌባ!» ልጅቱ ደግማ ደወለች፣ ደግማ ተሰደበች። ተቀባይ ያጣው ዕቃ ቀኑ ሲያልፍ ወደመጣበት ተመለሰ። ይህን ያወቁት ፊርደውስ ደውላ «እማ፣ ለምን አልተቀበላችሁትም?» እያለች ስታለቅስ ነው።

ጠብታው ተቋርጦ ሲሰነባብት፣ አንድ ጠዋት ሰይድ ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ በግራው ብቻ ለማየት እየሞከረ፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ እያረፈች፣ «ከይሪ፣ ነግቷል እንዴ?» አላት።

ከይሪያ ብሩን በርበሬ ሸጣ ትተካዋለች፤ ዓይን ግን ከየትኛው ገበያ ይገዛል? ባሏን ወደ በረንዳው ሸኝታ ስትመለስ፣ በንዴት ብዛት እስከዚያን ቀን ያላሰበችውን አሰበች። አረንጓዴውን ሻሽ የተናገረችው ወዳጃ ላይ ብቻ ነው።

ሐሙስ ሼህ ተውፊቅ ቤት ገብታ ተራዋን እንኳ አልጠበቀችም። «ሀጃ አለኝ» አለች።

«ተናገሪ ልጄ።»

«የሰይድን ዓይን ያጠፋው ወሬ የወጣው ከዚህ ቤት ነው። የኔን ባል ብርሃን የነጠቀ ዓይኑ ይጥፋ በሉልኝ!»

«አውፍ በይ፣ ይቅር በይ፣ ከይሪያ» አሉ ሼሁ። «አላህ ወደ ልቡ እንዲመልሰው እንለምን።»

«አውፍ የሚባለው ለጠየቀ ሰው ነው! ማን መጥቶ ጠየቀኝ? ወላሂ፣ አሚን ሳትሉልኝ ከዚህ አልነሳም።»

ሼሁ በመጨረሻ እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ የዚህችን ሴት ቤት ያጨለመ፣ ለእሱም አይብራለት።»

«አሚን!» አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ። ከይሪያ እጆቹን እየዞረች አየች፤ ሁሉም ተዘርግተዋል። ከጎኗ ያለችው ቡዜ ብቻ እጆቿን ከሻርፗ ሥር ደብቃለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ቡዜ፣ አሚን በይ እንጂ» አለቻት።

«የሻሹን ነገር ቤት ገብቼ ለሙዓዝ ያወራሁት እኔ ነኝ» አለች ቡዜ፣ ቀና ብላ ሳታያት። «ከይሪ… አንድ ልጅ ነው ያለኝ።»

«ለሰይድም የቀረው አንድ ዓይን ነው» አለች ከይሪያ። እጇን እንደዘረጋች ወደ ሼሁ ዞረች። «ይድገሙልኝ።»