ጫት ለማስጣል የተጠራ በርጫ

ዛሬ እዚህ ጭሮ፣ ጎረቤቴ ኡመር ጫት እንዲያቆም ልንመክረው ተጠራን። የተጠራነው በርጫ ላይ ነው!

ኡመር ጨጓራው ቆስሎ ደም አስታውኳል። ሐኪሙም "ጫት የሚባል እንዳትነካ" ብሎታል። ጓደኞቹ ታዲያ "ወንድማችንን እናድን" ብለው ጫታቸውን ታቅፈው ከች አሉ።

እኔ አልቅምም፤ ለስላሳዬን ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ።

እስኪመረቅኑ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሀራራ ይዞት ማን ይመክራል?

ሲመረቅኑ ግን ምክሩ ጎረፈ። አንዱ "ከነገ ጀምሮ እርሻ ግባ፣ ትረሳዋለህ" አለው። ሌላው "ሐኪሙ የኛን አገር ጫት የት ያውቃል? ወተት ጠጥተህ ብትቅም ምንም አትሆንም" አለ። ይሄ ነው እንግዲህ መካሪው!

ኡመርም ጉንጩን በጫት ወጥሮ "ወላሂ ልክ ነው" ይላል። ሱስ መቼም ጠበቃ አያጣም።

አመሻሽ ላይ "ጉዳዩ ከባድ ነው፣ ነገም እንቀጥል" ተባለ።

የተረፈውን ቅጠል የምትጠርገው ሚስቱ ፋጡማ ቀና አለችና፣ "ስትቀብሩትም እንዲሁ እየቃማችሁ ትመካከራላችሁ" አለች።

ማንም አልደነገጠም። አንዱ ባዶ ጆጉን እያቀበላት "ፋጡማ፣ እስቲ ውሃ ጨምሪልን" አላት።

እናንተ ሰፈርስ ሱሰኛ የሚመከረው ምን እየቀረበ ነው? ንገሩኝና አብረን እንናደድ።